ለሚስቱ ቤት ያከራየ ሰው

ጀብሪል ከረሃብ አብልጦ ግብር የሚፈራ ሰው ነበር። ሐሜት አይደለም፤ ራሱ መካነ ሰላም ገበያ መሐል ካለው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም የሚናገረው ነው። ረሃብ ሰው አይመርጥም፣ ግብር ግን ስምህን ከነአያትህ ጽፎ ይመጣል ይል ነበር። ጨው፣ አቡጀዲ፣ ላምባና ስኳር ይሸጣል። ግብር ሰብሳቢው በገበያው ማዶ ብቅ ሲል ሱቁ ይዘጋል፣ ጀብሪል ራሱን በሻሽ አስሮ ይተኛል፣ ሚስቱ ሩቂያ ደጃፍ ላይ ቆማ «አሞታል» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ቃል ብላለች። አንድ ዓመት ሰብሳቢው ከልቡ አዝኖ ማር ይዞለት መጣ። ጀብሪል ማሩን በላ፣ ግብሩን ለከርሞ አሳደረው።

ሰብሳቢው ያለው ይባላል። ቀጭን፣ ትሁት፣ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው። ጉቦ አይቀምስም። ጉቦ የሚቀምስ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ፤ የጀብሪል ዕድል ግን ከሐቀኛ ሰው ጋር አጋጠመው።

ነገሩ የተጀመረው በ1966 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ያን ጊዜ ወሎ ላይ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ከአባይ በረሃ አፋፍ፣ ከአጅባር ማዶ፣ ከየቆላው የተፈናቀለ ሰው ወደ ከተማው ይወጣል። የመስጊዱ አጥር ጥግና የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም እኩል ሞልተው ነበር። ስንት ሰው እንደተቀበረ የቆጠረ የለም። ከዚህ መሐል ቀልድ ይወጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ወጣ እንጂ።

ከደሴ በኩል፣ ስሙ ብቻውን ሁለት መስመር ከሚሞላ መሥሪያ ቤት፣ ማኅተም ያረፈበት ሰርኩላር መጣ። በድርቅ በተጎዱ አውራጃዎች ውስጥ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የኪራይ ቤት ሠርቶ ያከራየ ሰው ሁሉ ለሰባት ዓመት ከማናቸውም ግብር ነፃ ይሆናል ይላል። ቤት ሲሠራ አዲስ ሰው ይመጣል፣ ይከራያል፣ ገንዘብ ያፈሳል፣ አገር ያገግማል፤ ሐሳቡ ይህ ነው። ሰው እየሸሸ ከሚወጣበት አገር ማን ሊከራይ እንደሚመጣ ሰርኩላሩ አላነሳም።

ያለው ይህንን ሱቅ ለሱቅ እየዞረ አነበበ። ጀብሪል ያን ቀን ተኝቶ ነበር። በግድግዳው በኩል «ከማናቸውም ግብር» የሚለውን ሲሰማ ሻሹን ከራሱ ላይ ፈትቶ ወጣ። እንደገና አስነበበው። የሱቁም ግብር ጭምር እንደሆነ ጠየቀ። የሱቁም ጭምር ነው አለው ያለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀብሪል ታሞ አያውቅም።

ቤቱን ከግቢው ጎን፣ ከአጥሩ ወዲያ ባለችው ባዶ ቦታው ላይ አቆመው። ቆርቆሮው ከደሴ በጭነት መኪና መጣ፤ መንገዱ ከተበላሸበት በኋላ ደግሞ በአህያ ጀርባ። ጭቃውን የረገጡት ከቆላ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሩቂያ ምሳ ታበላቸዋለች፣ ማታ ሲሄዱ ቆሎ ትዘግንላቸዋለች። ከነሱ መሐል ሐረግ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ ሁለት ልጆች ይዛ ከአጅባር ማዶ በእግሯ የመጣች ናት። ለጭቃው ውኃ ትቀዳለች፣ ማታ ከልጆቿ ጋር የጀብሪል ሱቅ በረንዳ ላይ ታድራለች። ሩቂያ ቤቱ ሲያልቅ ሐረግን እናስገባት ብላ ጠየቀችው። ጀብሪል ሲያልቅ እናያለን አለ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ልቡ በሰባት ዓመት ተይዞ ስለነበር ሌላ ነገር አይሰማውም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ቤቱ አለቀ። አንድ ሰፊ ክፍል፣ አንዲት ጓዳ፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ክዳን። ያለው መጥቶ ዞሮ አየው፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ ጥሩ ቤት ነው አለ። ከዚያ ተከራዩ የት እንዳለ ጠየቀ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ተከራይ ያልገባበት ቤት ከግብር ነፃ አይወጣም፣ እንዲያውም የቤቱ ግብር በላዩ ይጨመርበታል። ጀብሪል ይህን ሲሰማ ለአፍታ ሻሹን በዓይኑ ፈለገ።

ተከራይ ፍለጋ ተያያዘው። አስተማሪዎቹ እንዳይከራዩ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ወደየአገራቸው ሄደዋል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የራሱ ቤት አለው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤቱን ወደደውና ሽንኩርት ላስቀምጥበት ወይ አለ። ቢጨንቀው ሐረግን ጠርቶ በይ ግቢ፣ ተከራይ ሁኚልኝ አላት። ሐረግም ልጆቿን ይዛ ገባች፣ አንዲት ሌሊት ከጣራ በታች አደረች። በነጋታው ያለው መጥቶ በጣም አዘነ። ሰርኩላሩ የሚለው አቅም ያለው ተከራይ ነው። በድርቅ የተጎዱትን የሚመለከተው ሌላ ሰርኩላር ነው።

«የታለ?» አለ ጀብሪል።

«ገና አልደረሰም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«እሱን የሚነግረን ሦስተኛ ሰርኩላር አለ» አለ ያለው፣ ልክ መልካም ዜና እንደሚያበስር ሰው።

ሐረግ ልጆቿን ይዛ ወደ በረንዳው ተመለሰች። ዝናብ መጣል ጀምሯል። አዲሱ ቤት ባዶውን ተቆልፎ ቆመ፣ ክዳኑ ላይ የሚወርደው ዝናብ በረንዳው ድረስ ይሰማል። ሩቂያ ይህን አየችና ጀብሪልን ሁለት ቀን አላናገረችውም።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ጀብሪል ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ሩቂያ በየሳምንቱ ቅቤ ትነግዳለች፣ የራሷ ቦርሳ አላት። አቅም አላት ማለት ነው። በድርቅ አልተጎዳችም። ሰርኩላሩ የሚፈልጋት ሴት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዳቦ ትቆርሳለች።

«አንቺ ለምን አትከራዪኝም?» አላት።

ሩቂያ ባሏ በእውነት የታመመ መሰላት። ግንባሩን በእጇ ዳሰሰችው።

ያለው ግን ሲነገረው በነገሩ አልሳቀም። ሰርኩላሩን ከላይ እስከ ታች አነበበና ለእገሌ አይከራይ የሚል ቃል እንደሌለበት ተናገረ። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ተከራዩ ራሱን የቻለ ቤተሰብ መሆን አለበት። ራሱን መቻሉ በምን ይታወቃል ቢባል በጉልቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቤተሰብ የሚቆጥረው ድሮም እንደዚያ ነው፤ አገሩም ቢሆን ትዳር የያዘን ሰው ሦስት ጉልቻ መሠረተ ነው የሚለው። ድስት የሚጣድበት ጉልቻ ያለበት ቤት መኖሪያ ነው፤ ጉልቻ የሌለበት ግን የቱንም ያህል ቢያምር መጋዘን ነው።

ጀብሪል እዚህ ላይ ያደረገውን ነገር ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሲጸጸትበት ኖሯል። ከወንዝ አዲስ ድንጋይ ማምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ደግሞም ጥላሸት ያልነካው ጉልቻ ሰብሳቢውን አያሳምነውም። ስለዚህ ከገዛ ማድቤቱ፣ ሩቂያ ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰለችባቸውን ሦስት ድንጋዮች ነቅሎ አንድ በአንድ እየታቀፈ ወደ ኪራይ ቤቱ ወሰዳቸው። ሩቂያ የኛ ማድቤትስ አለችው። ለጊዜው ነው አላት። ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ሦስተኛውን ሊያመጣ ሄደ።

ውሉ የተጻፈው እዚያው አዲሱ ቤት ውስጥ ነው። ለምስክርነት ጎረቤታቸው መሪጌታ ኃይለ ማርያም ተጠሩ። መሪጌታ ነገሩ ጨዋታ መስሏቸው እየሳቁ መጡ። ያለው የተከራይ ስም፣ የአከራይ ስም፣ የቤቱን ስፋት ሞላ። ቀጥሎ «ተከራይዋ ከአከራዩ ጋር ያላት ዝምድና» የሚል መስመር ነበር። ያለው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። ከጀብሪል ቤት ስንት ጊዜ በልቷል፤ ሩቂያ ማን እንደሆነች ያውቃል።

«እኔ የማውቀውን አይደለም የምጽፈው፤ አንተ የምትለውን ነው» አለ አፍሮ።

ጀብሪል ሦስተኛውን ድንጋይ አጎንብሶ እያስተካከለ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «ምንም» አለ።

መሪጌታ መሳቃቸውን አቆሙ። ሩቂያ ባሏን ጀርባ ጀርባውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከስሟ ጎን አተመች።

የምስክር ወረቀቱ በሳምንቱ መጣ። ጀብሪል መስታወት አስገብቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ለሰባት ዓመት ነፃ። ዕቃ ሊገዛ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ያንን ይነበብለታል። ሩቂያም ያው አንድ ሁለት ቀን አዲሱ ቤት ውላ ልትመለስ ነበር፤ ያለው ግን ሐቀኛ ሰው ነዋ፣ ጉልቻው መሞቁን ለማረጋገጥ ሳይታሰብ ይመጣል፤ አንዳንዴ በማለዳ፣ አንዳንዴ ምሽት ላይ። ስለዚህ ሩቂያ እዚያው አደረች። በሦስተኛው ቀን ሐረግንና ልጆቿን ከበረንዳው ጠርታ አስገባቻቸው። ጀብሪል እየሮጠ መጣ።

ሩቂያ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችው። «ተከራይ እንግዳ አይቀበል የሚል ውሉ ላይ የለም። ካላመንከኝ ያለውን ጠይቀው» አለችው። ጠየቀው። እውነትም አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፣ ሌላ በጋ ተከተለ። ጀብሪል በድሮው ትልቁ ቤታቸው ብቻውን ያድራል። ማድቤቱ ቀዝቅዟል፤ እራቱን ሩቂያ በአጥር ላይ ታቀብለዋለች። ቀን ቀን ሊጠይቃት ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ ከሐረግ ልጆች ጋር ይጫወታል፣ ግን ያለው ከሩቅ ከታየ በጓዳው በኩል ዘሎ ይሸሻል፤ ባል የሚገባበት ቤት ራሱን የቻለ ቤተሰብ አይደለማ። ከግብር ነፃ የወጣው ሰው ከግብር ሰብሳቢ መሸሹ አልቀረለትም። ከተማው ጀብሪል ሚስቱን ውሽማ አደረጋት እያለ ሳቀበት። እሱን ግን የከበደው ሳቁ አልነበረም። ሩቂያ ናፈቀችው። ደጃፉ ላይ ቆማ «አሞታል» የምትልበት ድምፅ ናፈቀው። አሁን ማንም ግብር ብሎ አይመጣበትም፣ ስለዚህ ታሞ እንደሆነም የሚጠይቀው የለም። ተመለሺ እንዳይላት ገና ስድስት ዓመት ይቀራል። ቢቆጥረው ቢቆጥረው ስድስት ዓመት ነው።

በዚህ መሐል፣ 1967 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ንጉሡ ወረዱ። ጀብሪል የዘውድ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለጥቂት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው፣ ማንም ምንም ስላላለው መልሶ አዞረው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ሬዲዮኑ ሌላ ነገር ተናገረ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ከዚያ የተረፈው ተወርሷል። ጀብሪል ሬዲዮኑን አጥፍቶ ቁጭ አለ። የኪራይ ቤቱ እንደሄደ ገባው፣ አዘነም፣ ግን በልቡ ጥግ አንድ ደስታ ነበረው። ቤቱ ከሄደ ሩቂያ ትመለሳለች።

የምዝገባው ቀን ነሐሴ ላይ ሆነ። አዲሱ የነዋሪዎች ማኅበር ጠረጴዛውን በግብር መሥሪያ ቤቱ ሰፊ በረንዳ ላይ ዘረጋ። ጸሐፊ ስላልነበራቸው ያለውን ለምዝገባው ተዋሱት፤ ያለውም የድሮ መዝገቡን ይዞ መጣ፣ ከሱ በቀር ሌላ መዝገብ አገሩ ላይ የለም። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ሕዝቡ በረንዳው ላይ ተጣቦ ቆሟል። ጀብሪል ተጠራ። ሩቂያም እንደ ተከራይ ተጠርታ ነበር፤ ሐረግ ልጆቿን ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።

ያለው ከትልቁ ቤት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ገብቶ አይቶታል። ጉልቻ የለበትም። ማድቤቱ ውስጥ ያገኘው የጨው ጆንያ ነው። ስለዚህ መጋዘን ነው፤ መጋዘን ደግሞ ትርፍ ነው፤ ተወርሷል። ጀብሪል የሰማውን ማመን አቅቶት እኔ እዚያ ውስጥ አድራለሁ እኮ አለ። ያለው ማንም ሰው መጋዘን ውስጥ ማደር እንደሚችል ነገረው። ቀጥሎ የኪራይ ቤቱ ተነበበ። እሱም የመንግሥት ሆኗል፤ ነገር ግን ሕጋዊ ተከራይ ስላለበት ወይዘሮ ሩቂያ በተቀነሰ ኪራይ በስሟ ትኖርበታለች። ሱቁን ብቻ አዋጁ ለጀብሪል ተወለት።

ጀብሪል ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «እንግዲያው እኔም የምኖረው እዚያው ነው። ባሏ ነኝ» አለ።

ያለው ገጽ ገለጠና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኖረ። «‹ምንም› ይላል። በራስህ ቃል።»

«ሚስቴ ናት። አገር ያውቃል።»

«አገር አይፈርምም» አለ ያለው፣ ከልቡ እያዘነ። «ኒካሁን ያሰሩትን ሸህና ምስክሮቹን አምጣልኝ።»

ሸሁ በዚያ ክፉ ዓመት መስጊዱ ደጃፍ ላይ ወድቀው ቀርተዋል። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱን ራሱ ጀብሪል በእጁ ቀብሮታል፣ ሌላው ወደ ቆላ ወርዶ ወሬው አልተሰማም። የጀብሪልን ትዳር ያዩትን ሰዎች ረሃቡ ጠርጎ ወስዷቸዋል። ዞር ብሎ መሪጌታ ኃይለ ማርያምን አያቸው። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ፤ «ምንም» የሚለው ወረቀት ላይ በዚያ ቆንጆ ጽሕፈታቸው ፈርመዋል። የቀረችው ሩቂያ ብቻ ናት።

ያለው ወደሷ ዞረ። ባሌ ነው ካለች ውሉ ሐሰት ይሆናል። ውሉ ሐሰት ከሆነ ተከራይነቱ ይፈርሳል፣ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል፣ ውስጡ ያሉት ሁሉ ዛሬውኑ ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ቀስ ብሎ፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ሩቂያ ሐረግን አየቻት። የሐረግ ትንሿ ልጅ የሩቂያን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ከዚያ ጀብሪልን አየችው።

«ወረቀቱ ልክ ነው» አለች።

ጀብሪል ያን ሌሊት ሱቁ ውስጥ የጨው ጆንያ ላይ ተኛ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስመስል የኖረው ሕመም በእውነት ያዘው። ሦስት ቀን አተኮሰው። በአራተኛው ቀን ጢሙን ተላጭቶ ሩቂያ ደጃፍ ሄደ። በአላህ ይሁንብሽ፣ ምን አደረግሁሽ አላት። ሩቂያ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስላንተ ዋሸሁ፤ ያላመመህን አሞታል እያልኩ» አለችው። «አንተ ስለኔ አንዲት ቀን እውነት መናገር አቃተህ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኒካሃችን ይኑር አይኑር ወላሂ እኔም አላውቀው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንደ ሰው ሽማግሌ ላክ።»

ላከ። ምን ያድርግ። አዲሱ የመስጊድ ሸህና መሪጌታ ኃይለ ማርያም ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ የሃምሳ ዓመት ጎረምሳ ይዘው፣ በቆርቆሮው ቤት ደጅ ቆሙ። የሩቂያ አባትም እናትም በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ በዘመድ ፋንታ ሐረግ ተቀምጣ ተቀበለቻቸው፣ ደንቡ በሚፈቅደው መጠንም አቆየቻቸው። ሸሁ ነገሩን አብራሩት፤ ኒካሁ ይታደስ ቢባል ነውር የለበትም፣ ሙሽራዋ መህሯን፣ ባል የሚሰጣትን ጥሎሽ፣ ትጥራ። ያለው አስቀድሞ ተጠይቆ ተከራይ ባል አታግባ የሚል አዋጁ ላይ እንደሌለ አረጋግጧል። ሩቂያ ወርቅ አልጠራችም፣ ላምም አልጠራችም።

«የቀረለትን ግብር ይክፈል። የሰባቱንም ዓመት። በቀን፣ ሰው እያየው» አለች።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መቅደላ አምባን ነቅለህ አምጣ ቢባል ይቀለው ነበር አሉ። ጀብሪል ግን እሺ አለ። ድምፁ ቀጠነ እንጂ እሺ ብሏል።

በማግስቱ ገንዘቡን ቋጥሮ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ያለው ወደ ድሮ ወንበሩ ተመልሷል። ሰማው፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጀብሪል ለሰባት ዓመት ነፃ ነው፤ ከነፃ ሰው ግብር መቀበል ክልክል ነው።

«ነፃነቱን አልፈልግም» አለ ጀብሪል።

«መመለሻ ቅጽ የለውም።»

«የፈረመልኝ መንግሥት ወርዷል እኮ።»

«መንግሥቱ ወርዷል፤ ሰርኩላሩ አልወረደም» አለ ያለው።

ጀብሪል በየቀኑ ሄደ። ማለዳ ተነስቶ፣ ግብር ለመክፈል እያቃሰተ ከቆመው ሰው ሁሉ ፊት ወረፋ ይይዛል፣ ይለምናል፣ ይመለሳል። ያንን በመስታወት የተሰቀለ ወረቀት ይዞ ሄዶ በያለው ዓይን ፊት ቀደደው፤ ያለው ቅጂው መዝገብ ቤት አለ አለው። አንድ ምሽት ገንዘቡን በበሩ ሥር አሾልኮ ጥሎ ሮጠ፤ በማግስቱ ያለው ቆጥሮ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ባለቤቱ ይረከብ የሚል ደብዳቤ አያይዞ አመጣለት። በዚያ ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ ዕብድ ጠፍቶ አያውቅም፣ ግን ግብር ተቀበሉኝ ብሎ የሚያብድ ሰው ታይቶ አይታወቅም ነበርና ሰው ከሩቅ ገበያ ሳይቀር ሊያየው መጣ።

በመጨረሻ ያለው አዘነለትና ወደ ደሴ ጻፈ። መልሱ በስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። አመልካቹ ግብር ለመክፈል የፈለገበት ምክንያት በራሱ ቃል፣ በሦስት ቅጂ ተሞልቶ ይላክ ይላል። ያን ቀን የኪራይ መክፈያ ቀን ነበር፤ የማኅበሩ ጠረጴዛና የግብሩ ጠረጴዛ በዚያው በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ስለሆኑ ሰው ተጣቧል። ሩቂያ ኪራይዋን ይዛ ወረፋ ላይ ቆማለች። ጀብሪል አላያትም። ዓይኑ በያለው ብዕር ላይ ነበር።

«ምክንያት?» አለ ያለው።

ጀብሪል አንድ ጊዜ ተነፈሰ። «ግብር ፈርቼ አንዲት ሴት ካድኩ» አለ። «ያለሷ የምገባበት ቤት የለኝም። የምከፍለው እሷን ላገባ ብዬ ነው።»

ያለው «ካድኩ» የሚለው ቃል በየትኛው መመሪያ እንደሚጣራ አላወቀም፤ እንዳለ ጻፈው። ከዚያ ሁለተኛውን ቅጂ አወጣና ድገምልኝ አለ። ጀብሪል ደገመው፣ ከፊተኛው ጎላ አድርጎ። ለሦስተኛው ቅጂ ደግሞ የገበያው ጫጫታ በርትቶ ስለነበር መጮህ ነበረበት። ጮኸ። አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሰሙ፣ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጀብሪል ድምፁ ተቆርጦ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

ሩቂያ ከወረፋዋ ወጥታ መጣች። ጀብሪልን አላየችውም፤ ወደ ያለው ጎንበስ አለች።

«መህሯን ተቀብላለች ብለህ ጻፍ» አለችው።

ያለው ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ለዚያ የሚሆን መስመር የለውም። ትንሽ አሰበና በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ሦስቱም ቅጂ ላይ፣ ጻፈው።

«በል እንሂድ» አለችው ሩቂያ ባሏን፤ «ሸሁን እንጥራ።»

ጀብሪል የቋጠረውን ገንዘብ ወደ ኪሱ መልሶ ተከተላት። እንባው እየወረደ ነበር፣ አልጠረገውም። የወረፋው ጭራ ላይ ቆመው የተባለውን ያልሰሙት ሰዎች ግብር ከብዶበት መስሏቸው አዘኑለት።